የግራ ትከሻ

የልጅ ልጄን ቀጭኔ እላታለሁ። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ቁመቷ እኔን አልፎኛል። የጀርባ አጥንቷ መጣመም የጀመረውም ያኔ በአንዴ ስትመዘዝ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ወጣ፣ ግራው ወረደ።

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «ለጊዜው ፊዚዮቴራፒ ትሥራ። እድገቷ እስኪያልቅ ባለበት ከያዝነው እሰየው ነው። ከጨመረ ግን ቀዶ ጥገና ነው» አለን። ቀጭኔ ይህን ስትሰማ እጄን ያዘች። ከግቢው እስክንወጣ አልለቀቀችውም።

እናቷ ልጄ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የስፌት ነው። የስፌት መኪናውም፣ የመተኮሻው ጠረጴዛም፣ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ትልቁ መስታወትም እዚያ ነው። ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ሌላ የለንም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ብርቱ። ቀጭኔን መስታወት ፊት አቁማ ትከሻዋን በጣቷ ትነካካለች።

«ይሄን አውርጂ። ያንን አንሺ። አሁን አየሩን ወደ ጎደጎደው ጎን ሳቢ። እዚህ፣ እጄ ሥር። እንደ ፊኛ ንፊው እንጂ!»

«ፊኛው ተቀዷል» ትላለች ቀጭኔ።

«እንለጥፈዋለን። ሳቢ!»

ቤትም መስታወት ፊት ቆመሽ ሥሪ አለቻት። ትከሻሽ እኩል ሲሆን እንደዚያው ያዢው፣ ሰውነትሽ ቀጥ ማለትን ይልመድ አለቻት።

ልጅቷ አልሰነፈችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ መስታወቱ ፊት ትቆማለች። ደንበኛ እየገባ እየወጣ ልብስ ማውለቅ አይቻልም፤ እናቷ በሰፋችላት ቀሚስ ትሠራ ነበር። አንዲት ቀልደኛ ደንበኛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወታደር ልትገቢ ነው እንዴ?» ስትላት፣ «ተራ ወታደርማ አልሆንም፤ ጄኔራል ነኝ» ብላ መለሰች። እናቷ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

«አባባ፣ እየኝ እስቲ! እኩል ነው አይደል?»

አየኋት። እኩል ነበር።

ለሁለተኛው ራጅ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች። ራጁ ግን ጨምሮ ተገኘ። ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ መብራት አንሥታ አየችው። ደግማ አየችው።

«ቤት እንዴት ነው የምትሠሪው? አሳዪኝ።»

ቀጭኔ ቀሚሷን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣለችው። በካናቴራና በቁምጣ መስታወቱ ፊት ቆመች። ዐይኗን ጨፍና እንደለመደችው ተስተካከለች።

«ይኸው፣ ቀጥ አልኩ።»

ግራ ትከሻዋ ወርዶ ነበር።

«ዐይንሽን ግለጪ» አለቻት።

ገለጠች። መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየች።

«መስታወታችሁ ጠማማ ነው» አለች።

የሳቀ የለም። ፊዚዮቴራፒስቷ ቀሚሱን ከጭኔ አነሣች። ትከሻውን በጣቷ ጨመቀችው። ቀኙ ባዶ ጨርቅ ነው። ግራው ውስጥ ስፖንጅ ነበር፤ በደቃቅ ስፌት የተያዘ፣ ከውጭ የማይታወቅ። ልጄ እጀ ወርቅ ናት።

«ይህን ለብሳ ነው የምትሠራው?»

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲህ መስታወቱ እኩል ነሽ ሲላት ወደ ግራ አዘንብላ ነበር። ሰውነቷ የለመደው ይሄንን ነው።» ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «በዚህ ምክንያት ነው የጨመረው አልልም። በደንብ ሠርተውም የሚጨምርባቸው አሉ። ግን አጥንት ሐኪሙ ማየት አለበት።»

ስንመለስ ቀጭኔ መንገዱን ሙሉ ግራ ትከሻዋን በእጇ ጨብጣ ሄደች።

እናቷ የስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ሁሉም ልብሴ ላይ ነው?»

እናቷ ወዲያው ገባት። እግሯ ከፔዳሉ ተነሣ።

«ሰው እንዳያይብሽ ብዬ ነው፣ የኔ እናት። ልጆቹ ጎባጣ እንዳይሉሽ።»

«እኔም እንዳላይ አደረግሽኝ።»

«እፈታዋለሁ። ሁሉንም ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ነይ፣ እንደገና ልለካሽ።» ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

ቀጭኔ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አትለኪኝ።»

ሜትሩ በእጇ ተንጠልጥሎ ቀረ። የእናት ሥራዋ መሸፈን ነው።

በማግሥቱ ልጅቷ፣ «አባባ፣ ገበያ ውሰደኝ። ተሰፍቶ የሚሸጥ ሸሚዝ ግዛልኝ» አለችኝ። እኛ ቤት ተሰፍቶ የሚሸጥ ልብስ ገዝቶ የሚያውቅ የለም። እኔ የለበስኩት ኮት እንኳ የልጄ እጅ ነው። ቢሆንም ወሰድኳት። ነጋዴው ለብሳ ሲያያት፣ «እኅቴ፣ ባንድ በኩል ተንጠለጠለ። ሌላ ልስጥሽ?» አላት።

«ይኸው ይሁን» አለች።

አጥንት ሐኪሙ ራጁን አይቶ የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆርጧል። እስከዚያው ሳንባዋ እንዲጠነክር የትንፋሹን ልምምድ አታቋርጪ ብለዋታል። ዛሬም ያንን ሸሚዝ ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆማለች። ጠርዙ በቀኝ ተሰቅሏል፣ በግራ ወርዷል። እያየች አየር ትስባለች። የእናቷ እጅ ወደ ስፒሉ ይሄዳል፤ ይመለሳል።

ያቺው ቀልደኛ ደንበኛ መጣች። ሸሚዙን አየችና፣ «ምነው! ያንቺ ልጅ ሆና እንዲህ ያለ ልብስ ትልበስ?» አለች።

ልጄ አንገቷን ደፍታ ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ሮጠ። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።