ዘግይታ የመጣችው ታካሚ

ሃዊ ወረቀቱን እስከ ግማሹ ያነበበችው እንደ ማንኛውም የክፍል ሥራ ነበር። ቃሊቲ ያለ የሕክምና ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሌክቸር ቀርቶ ትምህርቱ በችግር ላይ የተመሠረተ ይሁን ከተባለ ወዲህ፣ ስምንት ስምንት ሆነው ይቀመጡና የአንድ ታካሚ ታሪክ ተሰጥቷቸው ይወያያሉ።

የዛሬዋ ታካሚ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ታመርታለች። የስድስት ልጆች እናት፤ ግራ እጇ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሆስፒታል የመጣችው የጨጓራ ካንሰሩ ጉበቷ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስሟን ቀየሩት እንጂ የሃዊ አክስት ዳሲቱ ናት። ከተቀበረች ዓመት አልሞላትም።

«ለምን ዘገየች?» አሉ አወያዩ ዶክተር ሰቦቃ።

ከተማሪዎቹ መካከል ነቢዩ እንደ ልማዱ ቀደመ። «የግንዛቤ እጥረት ነው። መጀመሪያ ጠበል ሄዳም ይሆናል።»

«አልዘገየችም» አለች ሃዊ። «አክስቴ ናት። ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። ጨጓራ ነው እያሉ ኪኒን ሰጥተው መለሷት። ሁለቱን ጊዜ ካርድ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«አዝናለሁ» አሉ ዶክተሩ፣ ከልባቸው። «ግን ወረቀቱ ላይ የለም። የዛሬው ዓላማችን ታካሚዎች ለምን እንደሚዘገዩ ማወቅ ነው። ያንን ካስገባን ሌላ ትምህርት ይሆናል።»

ሃዊ ግን፣ አክስቷ «ሌላ ቦታ እንሂድ» ስትላት፣ ሐኪም ያለውን መስማት ይሻላል ብላ ያስቀረቻት ራሷ እንደነበረች አልተናገረችም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ስለ አዲሱ ዘዴ የተማሪ አስተያየት ተሰበሰበ። «ችግሮቹ ከእውነተኛው ሕይወት ጋር ይገናኛሉ?» ለሚለው ጥያቄ ሃዊ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሞልታ የአክስቷን ታሪክ ጻፈች። ከወር በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ረክተዋል ይላል።

በዓመቱ ናዕማ የምትባል የታች ክፍል ተማሪ ሳሪስ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘቻትና ወረቀት አሳየቻት።

«ሃዊዬ፣ ይቺን ኬዝ እናንተም ሠርታችኋል አሉ። ለምን ዘገየች ለሚለው ምን አላችሁ?»

ሃዊ አነበበችው። አንድ ፊደል አልተነካም።

«የግንዛቤ እጥረት በይ። ማርክ ያለው እሱ ነው።»

ናዕማ አመስግናት ጻፈችው። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።