ከመርዶ ነጋሪዎች የቀደመ ስልክ

የወይዘሮ ውብነሽ ወንድም በአጋሮ ከተማ ማረፋቸው ሲሰማ፣ የጊንጆ ሰፈር ጎረቤቶቻቸው እንደ ወጉ መርዶውን ሊነግሯቸው በማለዳ ከደጃቸው ተሰበሰቡ። አቶ ለይኩን በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲዘረጉ ከውስጥ ጩኸት ሰሙ። ዘልቀው ቢገቡ ወይዘሮዋ ብቻቸውን ወድቀው፣ ግንባራቸው ደምቶ አገኟቸው። ከአጠገባቸው ስልካቸው «አክስቴ፣ አባባ አረፈ» ይላል፤ ደግሞም ይላል።

መልእክቱን የሚያነበውን የስልክ መተግበሪያ የሠራው በኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚማረው የአቶ ለይኩን የልጅ ልጅ ሊዮል ነው። ወጣቶች የሚጽፉትን ለአረጋውያን ጮክ ብሎ እያነበበ ትውልድን ያቀራርባል ብሎ በየቤቱ ስልክ ላይ ጭኖት ነበር። የሟቹ ልጅ መርዶውን የጻፈችው በዚያው ነው።

«አያቴ፣ መልእክቱ እኮ ወዲያው ደርሷል» አለ ከጎረቤቶቹ ጋር የመጣው ሊዮል፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ደርሷል? ተሰብስበን የምንመጣው ወሬ ለማድረስ መሰለህ? ስትወድቅ ልንይዛት ነው! ያንተ ስልክ እጅ አለው?»

«ይህን አላሰብኩም።»

«ሳታስብ ነዋ ልታቀራርበን የተነሣኸው! ደግሞስ ለምን ዝም አይልም?»

«ጆሮ ለከበዳቸው ብዬ ነው። ባለቤቱ ‹ሰምቻለሁ› የሚለውን እስኪነካ ይደጋግማል።»

አቶ ለይኩን ክንዱን ጨምድደው ወደ ውስጥ ገፉት። «ግባና ዝም አሰኘው!»

ሊዮል በለቀስተኞቹ መካከል አልፎ ተንበረከከና ስልኩን ዘጋ። ወይዘሮ ውብነሽ ቀና ብለው አዩት።

«የነገርከኝ አንተ ነህ?» አሉት።

ሊዮል ወደ አያቱ ዞረ።

«መልስላት እንጂ!» አሉ አቶ ለይኩን። «አሁንማ ፊት ለፊት ናችሁ።»