አልቆም ያለ ዓይን

ፊራኦል ገርጂ በሚሠራ ፎቅ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ መሬቱ ሁሉ በሚቆፈርበት በዚያ ዘመን ሥራ ሞልቷል፤ የኦፕሬተር ቀን ግን አብዛኛው በመጠበቅ ያልፋል። ፌሮው እስኪታሰር፣ ከታች ሆነው ምልክት የሚሰጡት ጋሽ ጸጋይ በመገናኛ ሬዲዮ እስኪጠሩት ድረስ ከላይ ካቢኑ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል።

ድሮ ትረካ ያዳምጥ ነበር። ስማርት ስልክ የገዛ ጊዜ እህቱ ፌናን ባለቀለም ፍራፍሬ ሦስት ሦስት እያገጣጠሙ የሚያፈነዱበትን ጌም ጫነችለት። ከዚያ ወዲህ ትረካ ረዘመበት። ማታም ፊልም ይከፍትና ገና ሳይጋመስ ስልኩን ያነሳል።

አንድ ረፋድ የፌሮ እስር አንጠልጥሎ ሲያዞር ስልኩ ጭኑ ላይ ነበር። ጌሙን ለማለፍ ጥቂት ቀርቶታል፤ አንዴ ብቻ ብሎ አጎነበሰ። ጋሽ ጸጋይ ደጋግመው "ቁም!" ያሉትን የሰማው ዘግይቶ ነው። ቀና ሲል ብረቱ ወደ ፌሮ አሳሪው ዱቤ እየተወዛወዘ ነው። ዱቤ በደረቱ ተደፋ። ብረቱ ከራሱ ላይ ሄልሜቱን ብቻ ገፎ አለፈ።

ሁሉም ጥፋቱ የክሬኑ ፍሬን ነው አሉ። ፎርማኑ መኩሪያ መካኒክ አስጠራ። ፊራኦል ስለ ጌሙ አልተናገረም።

በማግስቱ ስልኩን እታች ቆልፎበት ወጣ። አሁን ምንም አይሆንም ብሎ ራሱን አጽናና። ጭነቱን ሲያነሳ ግን ዓይኑ ሸሸ። ወደ መስታወቱ፣ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ አንዲት ወፍ፤ ሲመለስ ጭነቱ ቦታ ቀይሯል፤ መቼ እንዳዞረው አላስታወሰም። ወደ ታች አየ። ሁለት ቢጫ ሄልሜቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሦስተኛው ትንሽ ፈንጠር ብሏል። ሦስቱን እንደ ጌሙ ሊያገጣጥም እጁ የክሬኑን ማንሻ ወደ ሦስተኛው ሲገፋ ነቃ።

ማንሻውን ለቀቀና ሬዲዮውን አነሳ።

"ጋሽ ጸጋይ፣ ሰዎቹን ከስር ያስወጡልኝ።"

"ምን ሆነሃል?"

"ፍሬኑ ደህና ነው። ትናንት ጌም እየተጫወትኩ ነበር። ዛሬ ስልክ አልያዝኩም፤ ዓይኔ ግን አልቆም አለኝ።"

ጋሽ ጸጋይ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "እሺ ልጄ፣ ቀስ ብለህ አውርድ፤ እኔ እየነገርኩህ" አሉት። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየነገሩት ጭነቱ መሬት ነካ። ፊራኦል ሲወርድ መሰላሉን በሁለት እጁ እየጨበጠ ነው፤ ከዚያ በፊት ከፍታ ፈርቶ አያውቅም ነበር።

መኩሪያ ከሥራ አሰናበተው። ዱቤ አልሰደበውም፤ የፊራኦልን እጆች ብቻ አየና ፊቱን አዞረ።

አሁን መገናኛ አጠገብ የቀለም ሱቅ ውስጥ ይሠራል። መንገድ ላይ ክሬን ካየ ከስሩ ላለማለፍ ወደ ማዶ ይሻገራል። ከላይ ያለው ሰው ምን እያየ እንደሆነ አያውቅምና።