የድንቡሼ ሩጫ

ወንድሜ መሮጥ የጀመረው ለኔ ብሎ ነው። እናቴ ላገኘችው ሁሉ ስለምትናገር ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስቴ ሆስፒታል እየሄድኩ ደሜን በማሽን እታጠባለሁ፤ በተረፉት ቀናት ልብስ እሰፋለሁ። እናቴ ኩላሊቷን እንዳትሰጠኝ ስኳሩም ግፊቱም አለባት። የቀረው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሲመረመር ለኔ የሚሆን ሆኖ ተገኘ። ወጣቷ ዶክተር ግን ከላይ እስከ ታች አየችውና «በዚህ ክብደት ኦፕራሲዮን ክፍል አላስገባህም፤ መጀመሪያ ቀንስ» አለችው።

አይፈረድባትም። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ድንቡሼ ነው የምንለው። ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሱቁ ቁም ሳጥን ታህላለች፤ እሱ ከገባባት ደንበኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጠዋት የተቀመጠባት ወንበር ላይ እስኪመሽ አይነሳም፤ ምሳውንም እዚያው ነው የሚበላው።

ያን ቀን ከሆስፒታል ወጥተን ቤት ሳንደርስ የሩጫ ጫማ ገዛ። ዕቅዱንም እዚያው አወጣ። መጀመሪያ የሰፈሩን ሜዳ ሳያርፍ መዞር፣ ቀጥሎ እስከ ድልድዩ ደርሶ መመለስ፣ ሲጠነክር ደግሞ በዓመት አንዴ የሚደረገውን የአስር ኪሎ ሜትር ውድድር መሮጥ። «ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት እሮጣለሁ። እንቅልፉ ይቅርብኝ» አለ። እናቴ ግንባሩን ሳመችው። እኔ ደግሞ «እስቲ መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር እሰር» አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቅን እላለሁ እንጂ፣ እኔ ከታመምኩ ወዲህ ሳቁም ለቅሶውም የሰው ዕቃ ተውሼ የምጠቀም ይመስለኛል። መርፌው ክንዴ ላይ ሲገባ አያለሁ፤ አይሰማኝም። ሰው «አይዞሽ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ፤ ለምኑ እሺ እንደምል አላውቅም። አንድ የምፈልገው ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ መኖር። እሱንም ለማንም አልነገርኩም። ኩላሊት ከምትጠብቅ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ልመና ይመስላል።

ድንቡሼ በየጠዋቱ በመስፊያ ቤቴ በር ያልፋል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ።

«ዛሬስ?» እለዋለሁ።

«ዛሬማ በረርኩ፣ እትዬ።»

ሆስፒታል ሄዶ ሲመዘን ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። አንዴ «አጥንቴ ከባድ ነው» ይላል፣ አንዴ «ውሃ ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላል። እናቴ «ስቡ ወደ ጡንቻ እየተለወጠ ነው» ትላለች፤ ከየት እንደሰማችው እንጃ። እኔ ሁሉንም «ይሁን» እያልኩ ወሩን በወር ላይ ደረብኩት።

አንድ ጠዋት የካውያዬ ሶኬት አልሠራ ብሎኝ እንዲያይልኝ ጠራሁት። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ሲል የሱሪውን የኋላ ስፌት አየሁ። ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ያ ስፌት ግን የኔ እጅ አልነበረም። አንዱ ፈትቶት፣ ወገቡን አስፍቶት፣ እንደ ጆንያ በወፍራም ክር ሰፍቶታል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያናደደኝ ክሩ ነበር።

«ማን ነው ይሄን ሱሪ የነካው?»

«ማንም አልነካውም። ስገዛውም እንዲህ ነው» አለ ሳይዞር።

«ድንቡሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የሰፋሁልህ።»

እጁ ሶኬቱ ላይ ቀረ። እህቱ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ ሱሪውን ለማስፋት ሌላ ሰፈር የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ ሸሚዙን ነካሁት። ከሩጫ የመጣ ሰው ጀርባ ይሞቃል፤ የሱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ውሃ ነው?»

«የቧንቧ ውሃ ነው» አለ፤ ከጠረጴዛው ሥር ሳይወጣ። «ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ፣ እትዬ። ዋሽቼ አይደለም፣ እሄዳለሁ። ከዚያ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲሮጥ አያለሁ። በቀነስኩ ቁጥር የኦፕራሲዮኑ ቀን እየቀረበ ነው። መሮጥ ስጀምር እግሬ ይከዳኛል። ሐኪሞቹ ሆዴን ሲከፍቱት ይታየኛል። እፈራለሁ።»

መናደድ ነበረብኝ። ንዴቱን ፈለግሁት፤ የለም። ጥፊም፣ ለቅሶም፣ «ምን አደረግሁህ» የሚለውም አልመጣልኝ። የመጣልኝ ዶክተሯ ያለችን ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄድን ቀን ሦስታችንንም አስቀምጣ «ለጋሹን ለብቻው አነጋግረዋለሁ። አይሆንም ካልኩ አይሆንም ነው፤ ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ» ብላን ነበር። እናቴ የዶክተር ኩራት መሰላት። እኔ ግን ለማን መውጫ እየተወች እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል።

«እንግዲያው ሂድና አልፈልግም በላት» አልኩት። «እሷ አይሆንም ትለናለች። እማዬም ሌላ ነገር አታውቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔ በየጠዋቱ ያንተን ሸሚዝ ማየት ሰልችቶኛል።»

ይህን ስል በልቤ «አልሄድም» ይላል ብዬ ነበር። «እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ፣ ከነገ ጀምሮ እሮጣለሁ» ይላል ብዬ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

ዶክተሯም እንዳለችው አደረገች፤ «አይሆንም» አለች፣ ጨረሰች። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። ያለቀሰችው ለኔ ነው፤ ያባበለችው ግን እሱን ነው። «ልጄ ስንት ለፍቶ በዚህ ሆድ ምክንያት ከለከሉት» እያለች ትከሻውን ታሻለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይታሻል። እኔም የሰው ልብስ ቁልፍ እተክላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መሮጥ የጀመረው። የምሬን ነው። ሆስፒታል የጠዋት ተራ ሲደርሰኝ ሚኒባሱ በሜዳው በኩል ያልፋል፤ በመስኮቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ሮጦ ጉልበቱን ይዞ ይቆም ነበር። እየቆየ መቆሙ ቀረ። ከአንዳንድ ሯጮች ጋር ገጠመ፤ እየሮጡ ያወራሉ። ሱቁን አርፍዶ መክፈት ለመደ፤ ደንበኛ ሲቆጣው «ጠዋት የኔ ነው» ይላል አሉ። ፊቱ ሾጠጠ፣ አገጩ ወጣ። በበሬ ግን ማለፉን ትቷል። እኔም ልብስህን ላጥብብልህ አላልኩትም።

ውድድሩ እሁድ ነበር። እናቴ ቤት ምሳ ተጠርተን ድንቡሼ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መጣ። አስሩንም ኪሎ ሜትር ሳያርፍ ጨርሷል። እናቴ ሰሃን እንደያዘች ዞራ ዞራ አየችው፤ በነፃው እጇ ሆዱን ዳበሰችው።

«ወይ ጉድ፣ የት ገባ ያ ሁሉ» አለች። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ ሲላት አየኋት። «ቆይ እንጂ። ዶክተሯ አይሆንም ያለችው በሆዱ ምክንያት አይደለም? ይኸው ሆዱ የለም። ነገውኑ እንሂድ።»

ከታመምኩ ወዲህ ፊቷ እንዲያ በርቶ አላየሁትም። ወንድሜ ወደኔ ተመለከተ። ምን እንደሚለኝ ገብቶኛል፤ አንድ ነገር በይ ነው። «በክብደት አይደለም፣ እማዬ» ብል እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ሆዱ ከሄደ ፍርሃቱም አብሮት ሄዶ እንደሆነስ ብዬ ነው። ስንት ወር ሙሉ የጠፋው ልቤ ድው ድው ሲል ተሰማኝ፤ አመመኝ።

«እማዬ» አለ። «ዶክተሯ አይደለችም እምቢ ያለችው። እኔ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ።»

ልቤ ተመልሶ ዝም አለ። እናቴ ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ጠርዙ ላይ ስለነበር ወደ መሃል ገፋ አደረገችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሜዳሊያውን ብዙ አየችው።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትሮጠው?» አለችው።

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ያስታውቃል። ወደኔ አየ፤ ከዚያ ወደ ክንዴ፣ መርፌው ወደሚገባበት አየ።

«ደስ ይለኛል» አላት።