ያደረ ውኃ

ጠብታ የሚል ቅጽል ያወጡላት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ ሰውነቷ ደቃቃ፣ ሥራዋም የውኃ ላቦራቶሪ ስለሆነ። ታላቅ እህቷ የዛሬ ዓመት ወደዚያ አሮጌ ቤት ስትገባ፣ "ነይና ውኃውን እይልኝ፤ ሕፃን ይዣለሁ" አለቻት። ጠብታ ጠርሙሷን ይዛ ሄደች። ለጀርም ምርመራ እንደለመደችው የወጥ ቤቱን ቧንቧ አምስት ደቂቃ ሙሉ አፈሰሰችው፤ አፉን በእሳት ለበለበችው፤ ከዚያ ቀዳች። በዚያው ውኃ ጀርሙንም መርዛማ ብረቶችንም መረመረች። ምንም አልተገኘም።

"ጠጡት እትዬ፣ እኛ ቢሮ ካለው ይሻላል።"

የእህቷ ባል ፊርማዋ ያለበትን ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። "ጉድ ነው፣ ውኃችን ከኔ ቀድሞ ዲግሪ ያዘ!" ብሎ አሳቃቸው።

ያኔ የእትዬ ልጅ ድንቡሼ ገና ይድህ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድንቡሽነቱ ስሙ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። "እማ" ማለት ጀምሮ ነበር፤ ተወው። ሐኪሟ ደሙን ስታስመረምር የልጅ አእምሮ የሚጎዳው እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ተገኘበት።

"የድሮ ቀለም እርሳስ ስላለበት ከመስኮቱ ይሆናል አሉ" አለች እትዬ በስልክ። "ውኃውንማ አንቺ አይተሽዋል።"

ጠብታ ስልኩን ዘጋች። ያን ቀን አምስት ደቂቃ አፍስሳለች። የቤቱ ቧንቧ ከእርሳስ የተሠራ ከሆነ፣ መርዙ የሚሟሟው ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ባደረው ውኃ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን መታፈስ የነበረበትን ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳች።

"ምነው በማለዳ? ሰው የሞተ መሰለኝ እኮ!" አለች እትዬ፣ ባዶ ጡጦ እንደያዘች።

"ቧንቧ ከፍተሻል?"

"ልከፍት ነው፣ የድንቡሼን ወተት ልበጠብጥ። ሁሌ የመጀመሪያው የሱ ነው። ከሁላችን በፊት።"

ጠብታ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ቧንቧውን ከፍታ የመጀመሪያውን ውኃ በጠርሙሷ ተቀበለች። "ለዛሬ ከታሸገው ውኃ ስጪው" ብላ ወጣች።

ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያው ያወጣው የእርሳስ መጠን ከሚፈቀደው ሠላሳ እጥፍ ነበር። ደገመችው። ያው ነው።

ለአለቃዋ ደብዳቤ ጻፈች፦ ወደ ከተማው ውኃ ፎስፌት የሚባለው ማዕድን ይጨመር። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህሯ እርሳስ የሟሟበት ብርጭቆ ላይ ፎስፌት ሲያንጠባጥብ፣ ጥርት ያለው ውኃ እንደ ወተት ነጥቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ዘቀጠ። "ተያያዙ ማለት ነው፤ አንዴ ከተያያዙ በዋዛ አይላቀቁም" ብሎ ነበር መምህሩ። ቧንቧም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ በወራት ውስጥ ግድግዳውን ይለብጠዋል፣ መርዙም ወደ ውኃው መውጫ ያጣል። ደብዳቤውን ፈርማ ልትነሳ ስትል ግን ሌላ ነገር ትዝ አላትና ተመልሳ ተቀመጠች። የሰው አጥንትም የተሠራው ከፎስፌት ነው።

ከሰዓት ስትደርስ እትዬ መስኮቱን በቢላዋ ትፍቅ ነበር። ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ወጥቷል። ድንቡሼ ከእግሯ ሥር ተኝቷል።

"እትዬ፣ ቀለሙ አይደለም።"

"እና ምንድን ነው?"

"ውኃው ነው። ያኔ አፍስሼ አፍስሼ ቀዳሁ። እሱ የሚጠጣውን አላየሁም።"

እትዬ ቢላዋዋን አወረደች። "መድኃኒት ሰጥተውታል። ያወጣለታል፣ አይደል?"

"ከደሙ ያወጣል።"

"ሌላ የት አለ?"

"አጥንቱ ውስጥ። እዚያ የገባው... ቶሎ አይለቅም፣ እትዬ።"

  ጠብታ መቆሚያ ብታጣ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ ወረቀቱን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች።

"ተዪው" አለች እትዬ። "አድጎ ያንብበው።"

የጠብታ እጅ እዚያው ቀረ።

"ማንበብ ከቻለ" አለች እትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቢላዋዋን አንስታ ቀለም የሌለውን መስኮት መፋቅ ቀጠለች።