አራት ደቂቃ የሚዘገይ ድምፅ

«ቁልፉ ግራ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ስፒከሩ።

«እሱን የጠየቅኩህ ከአራት ደቂቃ በፊት ነው! እኔ የምልህ ሌላ፣ አንተ የምትመልሰው ሌላ። ከአንተ ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም!» አለች ውብዓለም።

ወንድሟ ኪሩቤል የወርክሾፑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

ከጥር ወር ጀምሮ የኪሩቤል ድምፅ ከአፉ አይወጣም ነበር። መዳፍ በምታህል የኮምፒውተር ቦርድ አራተኛ ሲሪያል ፖርት በኩል ያልፍና፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ካለው ስፒከር ይወጣ ነበር። ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ፣ «ጤነኛ ነህ፤ ችግሩ የመስመር ነው» ብሎ መልሶታል። ለመስመር ችግር ደግሞ መቂ ውስጥ ከእሱና ከእህቱ የተሻለ ባለሙያ አልነበረም። ቢሆንም የደንበኛ ሥራ እየቀደመ ሦስት ወር አለፈ። የሚጠግን ሰው የራሱን ዕቃ መጨረሻ ነው የሚነካው።

ሥራቸው ለመስኖ ፓምፕ የሚሆን ቦርድ ማዘጋጀት ነበር። ቦይ ውስጥ የተተከለው መለኪያ የውኃውን ከፍታ እያነበበ በሲሪያል ፖርት ይልካል፤ ፖርቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ በሰልፍ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ነው። ቦርዱን የሚያሠራው ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ግን እንዳለ ከተተወ ሰብስቦ ማሳለፍ ይወዳል፤ ካልሞላሁ አልሄድም እንደሚል ሚኒባስ። ለሌላ ነገር አይጎዳም። ውኃ ግን አይጠብቅም።

በመጋቢት የአቶ ገመቹ ሽንኩርት ሰመጠ። ቦርዱ ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ የቆየ አሮጌ ቁጥር እያነበበ፣ ቦዩ ባዶ ነው ብሎ ፓምፑን ቀኑን ሙሉ አስኬደው። ሰልፍ ላይ የቆየውን ቁጥር ሳትደፋ፣ ማለትም ሳታጠፋ፣ ፖርቱን የከፈተችው ውብዓለም ነበረች። ሽማግሌዎች ወርክሾፑ ድረስ መጥተው «የማን እጅ ነው?» ሲሉ ግን፣ «የኪሩቤል» አለች። ኪሩቤል እዚያው ቆሞ ነበር። ስፒከሩ «እኔ አልነካሁትም» ያለው ሽማግሌዎቹ መርቀው ከወጡ በኋላ ነው።

ዛሬ ኪሩቤል ወደ ሻሸመኔ ሊሄድ ነበር። ወፍጮ ቤት ሥራ አግኝቷል። «ወፍጮ ቤት ማንም ማንንም አይሰማም፤ እኩል እንሆናለን» ብሎ ነበር ባለፈው ሳምንት። ሚኒባሱ ከወርክሾፑ ፊት ለፊት ቆሞ እየሞላ ነው።

«ሻሸመኔ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ።

ውብዓለም ቁልፉን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኪሩዬ፣ ትናንት አቶ ገመቹ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹም አውቀዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

ኪሩቤል ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። ረጅም ነገር ነበር። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ቆመ፣ ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ቀጠለ። ሲጨርስ በእጁ «ጠብቂ» አላትና ሻንጣውን ሊያስጭን ወጣ።

ስፒከሩ ዝም ብሏል።

«ሻሸመኔ! የቀረው አንድ ሰው!»

የቀረው አንድ ሰው ኪሩቤል ነበር። ውብዓለም ሰዓቷን አየች። መልሱ ከመድረሱ በፊት ሚኒባሱ እንደሚሄድ አሰላች። ስለዚህ ሦስት ወር ያልሠራችውን ሥራ በአንድ ደቂቃ ሠራችው። ፖርቱን ከፈተች። ሰብስቦ ማሳለፉን አጠፋች፤ አንዲት ፊደል እንኳ ሌላዋን እንዳትጠብቅ። የኪሩቤልን መስመር ከቦርዱ ሥራዎች ሁሉ አስቀደመችው። በመጨረሻም፣ ከሽንኩርቱ ወዲህ አንድም ቀን ያልዘለለችውን አደረገች፦ አዲሱ ሴቲንግ ከመጽናቱ በፊት ሰልፍ ላይ የቆየውን ሁሉ ደፋችው።

ቦርዱ ምንም አላለም። ትእዛዝ በትክክል ሲፈጸም ምንም አይልም።

እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ምን እንደደፋች ገባት።

ኪሩቤል ተመልሶ ገባ።

«ደረሰ?» አለ። ድምፁ ከስፒከሩ የወጣው ከከንፈሩ ጋር እኩል ነበር። ሁለቱም ደነገጡ።

«አስተካከልኩት» አለች።

«በስመ አብ! እና ሰማሽኝ?»

«ደፋሁት፣ ኪሩዬ። ሰልፍ ላይ የነበረውን። ልማድ ሆኖብኝ። ድገምልኝ።»

ኪሩቤል አፉን ከፈተ። ጉሮሮውን ነካ። እንደገና ሞከረ።

«የለም» አለ። «ያልኩሽ ነገር የለም። ብዙ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ።»

«ከመጀመሪያው ቃል ጀምር፤ የቀረው ይመጣልሃል።»

«ፈለግኩት እኮ። ቦታው ባዶ ነው፣ እታለም።»

«ክፉ ነበር? ደግ ነበር? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ስጨርስ ቀሎኝ ነበር። ሻንጣውን ሳስጭን ቀሎኝ ነበር። አሁን የለም።»

«ይቅር ብለኸኝ ነበር ማለት ነው?»

«እኔንጃ። ሰድቤሽም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ያቀላል።»

«እንግዲያው አሁን በለኝ። አዲስ አድርገህ። ብትፈልግ ስደበኝ። አሁን አይዘገይም።»

ረዳቱ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ ትሄዳለህ አትሄድም? ሰው እኮ በሙቀት አለቀ!»

ኪሩቤል ረዳቱን አየ፣ እህቱን አየ። ውብዓለም ስፒከሩን በሁለት እጇ አንስታ ጠበቀች። እሱ አንድም ቃል ሳይናገር ዞሮ ወጣ፤ መንገዱን ተሻግሮ የቀረው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሚኒባሱም ሄደ።

ፖርቱ አሁን ምንም ነገር አያስጠብቅም ነበር። ሚኒባሱ ከዐይን ከተሰወረ በኋላ የኪሩቤል እስትንፋስ በስፒከሩ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ ይል ጀመር። በውብዓለም እጆች መሃል ስፒከሩ ቀስ በቀስ ሞቀ።