የሁለቱ ነፍጦች ፈተና

ከርከሮዎቹ የፈቲሀን እንሰት በሦስት ማለዳ ጨረሱት። ፈቲሀ ባሏ ከሞተባት አምስት ዓመቷ ነው፤ ሊቆረጥ ትንሽ የቀረውን እንሰቷን ሥሩን ፈንቅለው ሲበሉባት የመንደሩ ሰው ወረዳ ድረስ ሄዶ አቤት አለ። የወረዳው ሰዎች መጥተው አዩና ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ግን ለአንድ ሳምንት፣ ለአንድ ጠመንጃና ለአንድ ተኳሽ ብቻ ነበር።

ችግር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በዚያ መንደር የተመዘገበ ጠመንጃ ያላቸው ጋሽ ሰይዶና ጋሽ ገብረወልድ ነበሩ። ሁለቱም ጠመንጃዎች ከአያት የወረዱ፣ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዛቸው እየተጠቀጠቀ የሚጎርሱ አሮጌ ነፍጦች ናቸው። የሁለቱ ሰዎች አጥር ይዋሰናል። አርባ ዓመት ሙሉ በደስታም በሐዘንም ሲጠራሩ ኖረዋል፤ የማን ነፍጥ ለአደን ይበልጣል የሚለው ክርክር ግን አንድም ቀን አልተቋጨም።

«የኔ መቶ እርምጃ ላይ ያለ ቅል ይበሳል» ይላሉ ጋሽ ሰይዶ። ነፍጣቸው ረጅም ነው፤ ውስጡ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቦይ አለው። ቦዩ እርሳሱን እያሽከረከረ ስለሚያወጣው አይስትም።

«አንተ እስክታጎርሰው ከርከሮው በልቶ፣ ጠጥቶ ይተኛል» ይመልሳሉ ጋሽ ገብረወልድ። የእሳቸው አጭርና አፈ ሰፊ ነው። ውስጡ ልሙጥ ስለሆነ ቶሎ ይጎርሳል፤ ደቃቅ እርሳስ በእፍኝ ቢጨምሩበትም ይበትነዋል። ከሠላሳ እርምጃ በላይ ግን የት እንደሚመታ ባለቤቱም አያውቁም።

ቅዳሜ ሁለቱም ዱባ ላይ ተኩሰው እንዲለይ ተወሰነ። ይህን የሰማችው ፈቲሀ ግን ተቆጣች።

«ሃያ ዓመት ያልተተኮሰ ብረት ጉንጫችሁ ላይ አስደግፋችሁ ልትተኩሱ? በኔ እንሰት የተነሳ ሰው ሊሞት ነው? መጀመሪያ ባሂራ ትየው!»

ባሂራ ወልቂጤ ብረታ ብረት ተምራ ቡታጅራ ላይ የብየዳ ቤት ከከፈተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሟች አባቷ የመንደሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ቢላውን ለሁሉም ሲሠሩ ኖረው፣ ሰው ግን ከደጁ አሳልፎ አያስገባቸውም ነበር። ጋሽ ሰይዶ ስሟን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ፈቲሀ ግን ስልኳን አውጥታ ደውላ ነበር።

ባሂራ ዓርብ ከሰዓት በባጃጅ መጣች። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ ሁለቱን ነፍጦች ፈቲሀ ግቢ ሣር ላይ አጋደመቻቸው። መጀመሪያ የጋሽ ገብረወልድን አነሳች። ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ አስገባችና መጨረሻው ድረስ አልሄድ አላት። አወጣችው፣ በውጭ በኩል ለካችው፣ ደግማ አስገባችው።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ይኼ ነፍጥ እኮ ጎርሷል።»

«ምን?»

«ውስጡ ባሩድም እርሳስም አለ።»

ጋሽ ገብረወልድ ቁጭ አሉ። «ከአልጋዬ ራስጌ ነው የተሰቀለው። ልጆቼ ሥሩ ተኝተው ነው ያደጉት!»

ባሂራ ባሩዱን በውሃ አርሳ ከገደለችው በኋላ የቆየውን እርሳስ ጎትታ አወጣች። ጋሽ ሰይዶ በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም። ባሂራ የሁለቱንም ብረት ከእንጨቱ ነቅላ ውስጡን በነጭ ናፍጣ ሞላች፤ ውጭውን በጨርቅ አድርቃ ጠመኔ ለቀለቀችውና ጥላ ሥር አቆመቻቸው።

«ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ያወጣዋል» አለች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የጋሽ ገብረወልድ ብረት እንደ ነጣ ነበር። የጋሽ ሰይዶ ግን ከታች፣ ባሩዱ በሚቃጠልበት በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር አሳየ።

«አንቺው አፍስሰሽበት ነው!» አሉ ጋሽ ሰይዶ።

«እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይጥረጉት፤ ጠመኔውንም እርስዎ ይቀቡት።»

ጠረጉት፣ ቀቡት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የዐስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ መስመሯ በዚያው ቦታ ወጥታ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ሰይዶ በጣታቸው ነኳት።

«ነገ ብተኩስበት...»

«የሚፈነዳው ወደ ዓይንዎ ነበር።»

ጋሽ ሰይዶ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንገታቸውን ሳያቀኑ ተናገሩ። «አባትሽ አንድ ቀን ደጄ ቆሞ ‹ይህን ብረት ልየው› ብሎኝ ነበር። ቀጥቃጭ ያያቴን ነፍጥ አይነካም ብዬ መለስኩት።»

ባሂራ እጇን በጨርቅ ስትጠርግ ቆየች። «እሱ ቢሆን በጥፍሩ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ ያውቀው ነበር። እኔ ነኝ ናፍጣና ጠመኔ የሚያስፈልገኝ።»

«አባትሽን በድያለሁ፤ አውፍ በይኝ፣ ልጄ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ ጋሽ ሰይዶ። ለአባቴም ዱዓ ያድርጉለት።»

ጋሽ ሰይዶ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «በቃ፣ አሸነፍክ።»

«ምኑን አሸነፍኩ?» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። «ነፍጡ የኔ ይሁን፣ ተኳሹ አንተ ሁን። የኔ ዓይን እንኳን ከርከሮ፣ በሬና ላምም አይለይም።»

ቅዳሜ ባሂራ የጋሽ ገብረወልድን ነፍጥ ግንድ ላይ ጠፍራ አሰረችና ቃታውን ከአፈር ክምር ኋላ ሆና በገመድ ሳበችው። ሁለት ጊዜ ተኮሰ፣ ብረቱም ደህና ነበር። ከዚያ ጋሽ ሰይዶ ሞከሩት። አምሳ እርምጃ ላይ ያለው ዱባ አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም። ሃያ እርምጃ ላይ ያለው ግን ተበታተነ።

«እንግዲህ ከርከሮውን ቀርቤ ሰላም ልለው ነው» ብለው አጉረመረሙ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሽማግሌዎች የረገፈ የእንሰት ቅጠል ለብሰው ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ከርከሮዎቹ ጅራታቸውን አቁመው መጡ፤ ትልቁ ከፊት ነበር። ሠላሳ እርምጃ ቀረበ። ጋሽ ሰይዶ ጠበቁ። ሃያ ሲሆን ቃታውን ሳቡ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። እሳት የምትጭረው ትንሿ የመዳብ ቆብ ከሽፋ ነበር። ከርከሮው ራሱን ቀና አደረገ።

ጋሽ ገብረወልድ ትንፋሻቸውን ውጠው ሌላ ቆብ በመዳፋቸው አቀበሉ። ጋሽ ሰይዶ ቆቧ አልገባ አለቻቸው፤ ጋሽ ገብረወልድ አንጓቸውን ያዙላቸው። ቆቧ ገባች። ከዚያ ምድር ተናወጠች፣ ሁሉም ነገር ጭስ ሆነ። ጭሱ ሲገለጥ ትልቁ ከርከሮ በጎኑ ወድቆ ነበር። ሌሎቹ ከእንሰቱ ጀርባ ወዳለው ገደል ሲወርዱ የሚወድቀው ድንጋይ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

«መታሁት?» አሉ ጋሽ ሰይዶ።

«መታነው!» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

ሳምንቱ እስኪያልቅ አንድም ከርከሮ አልተመለሰም። ባሂራ ከቁርጥራጭ ብረት የአጥር ማገር በይዳ በገደሉ በኩል ተከለች። ጎረቤቱም እያንዳንዱ ከጓሮው የእንሰት ችግኝ ነቅሎ ለፈቲሀ አመጣላት፤ ቁጥሩ መቶ አለፈ።

ጋሽ ሰይዶ ከባሂራ ጋር ጉድጓድ ሲቆፍሩ ፈቲሀ አጠገባቸው ቆመች። «ይኼ ሲደርስ ቆጮውን መጀመሪያ የምትቀምሱት እናንተ ናችሁ» አለች።

«ኢንሻአላህ» አሉና ችግኙን ተቀብለው አቀኑት፤ ባሂራ አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀችው።